የተገጨው ቦቢ ተነስቶ ይሄዳል ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ውሾች የኋላ እግር ስለሆኑ አምዱን ሙሉ ለዚሁ አድርጌዋለሁ። አንዱ ላይ በጣም ረዝሜያለሁ፣ ሌሎቹ ጋ አጠር ይላል። ደብዳቤዎቹ ሲረዝሙ ትንሽ ቆርጬያቸዋለሁ።

ጥያቄ

ሰላም ዶክተር እንደምን ሰነበቱ። ውሻችን ቦቢ ይባላል፣ ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፣ ካዛንቺስ ቤቶቹ ሲፈርሱ ባለቤቶቹ ወደ አዲሱ ሰፈር ሲዛወሩ እሱ እዛው ቀረ፣ ቢሮዬ እዛ አካባቢ ስለሆነ ምሳዬን አካፍለው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ መኪና ገጭቶት አስፋልት ዳር ተኝቶ አገኘሁት። ሁለት ታክሲዎች ውሻ አንጭንም ብለውኝ ሶስተኛው ፈቀደልኝና ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ራጅ ተነሳ፣ አከርካሪው ደህና ነው ዳሌው ላይ ግን በግራ በኩል ስንጥቅ አለ ብለው መርፌ ወጉትና ይረፍ ብለው ሸኙን። አሁን ወር ሊሞላው ነው ግን አልቆመም፣ በፊት እግሮቹ እየጎተተ ይንፏቀቃል፣ የኋላዎቹ ቀጥነዋል፣ የግራው መዳፍ እየተፋቀ ቆስሏል። ሽንቱ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል ስለዚህ ፓምፐርስ አድርጌለታለሁ። በደንብ ይበላል፣ ስገባ ጅራቱን ይወዘውዛል። የምንኖረው አራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ነው፣ ቀን እኔ ስራ ነኝ እናቴ ናት የምትውለው፣ እሷ መጀመሪያ ውሻ ቤት አይገባም ብላ ነበር አሁን ራሷ ናት የምታበላው ግን ከሚሰቃይ በመርፌ ቢገላገል ይሻላል ትላለች። ጎረቤታችን ወጌሻ አውቃለሁ ይሸው ትላለች። ፋርማሲ ስጠይቅ ደግሞ ዲክሎፌናክ ስጪው አሉኝ። ዶክተር ይሄ ውሻ ይሄዳል ወይ? ምን ላድርግለት?

የቦቢ አሳዳጊ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ እጅሽ ይባረክ። ከሁሉም በፊት እኔን ደስ ያለኝ ስለ ጅራቱ የጻፍሻት ነገር ናት። አንቺን ሲያይ ጅራቱን ከወዘወዘ ፈልጎ ነው የወዘወዘው፣ ትእዛዙ ከጭንቅላቱ ተነስቶ በአከርካሪው ውስጥ አልፎ እስከ ጅራቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ስለዚህ መንገዱ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። እግሩ ገና አልሰማ ይሆናል እንጂ ተስፋ አለው።

ግን አንድ ነገር ቤት ውስጥ አረጋግጪልኝ። ቦቢ በጎኑ ተኝቶ ዘና ሲል እናትሽ ጭንቅላቱ ጋ ይቀመጡ፣ የዋህም ቢሆን ሲያመው ሊነክስ ስለሚችል አፉን በሻሽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። አንቺ የኋላ እግሩን አንድ ጣት በሁለት ጣቶችሽ ያዢና መጀመሪያ ቀስ ብለሽ፣ ካልመለሰ ጠንከር አድርገሽ ቆንጥጪው። ይሄን ስታደርጊ እግሩን እንዳታዪ፣ ፊቱን እዪ። እግሩን ሰበሰበ ማለት ተሰማው ማለት አይደለም፣ እግር ጭንቅላት ሳያውቀው በአከርካሪ ብቻ ሊሰበሰብ ይችላል። ዞር ብሎ እጅሽን ካየ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ሊነክስ ከቃጣ ግን ተሰምቶታል። በሁለቱም እግር የተለያዩ ጣቶች ላይ ሞክሪው፣ አንዴ ካወቅሽ በኋላ ደግሞ በየቀኑ እየቆነጠጥሽ አታሰቃዪው። ህመም የሚሰማው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ቀስ ብሎ ቢሆንም ይመለሳል። ከአደጋ በኋላ በሁለቱም እግር ጭራሽ ስሜት የሌለው ውሻ ግን በራሱ እግር የመሄድ እድሉ ትንሽ ነው፣ ይሄንን ደብቄሽ ምንም አልጠቅምሽም።

ሌላው መዳፉ ነው። ደግፈሽ አቁሚውና መዳፉን ገልብጠሽ ጀርባው መሬት እንዲነካ አድርጊ፣ ጤነኛ ውሻ ወዲያው ነው የሚያስተካክለው። ቦቢ የግራው መዳፉ የቆሰለው ምናልባት ለዚህ ነው፣ መገልበጡን ስለማያውቅ በጀርባው ይጎትተዋል። ይሄንን በየሳምንቱ እሁድ በስልክሽ ቅረጪው፣ ምክንያቱም ለውጡ ከቀን ወደ ቀን አይታይም ተስፋ ያስቆርጣል፣ የዛሬ ወሩን ቪዲዮ ከአሁኑ ጋ ስታስተያዪው ግን ታዪዋለሽ። የተጎዳ የእግር ነርቭ ሲያድግ እኮ በቀን 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዳሌ እስከ ጣት ስንት ሚሊ ሜትር እንዳለ አስቢው።

ዲክሎፌናኩን እንዳትሰጪው። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ ሰው ላይ ቀላል የምንለው መጠን እሱን ሊገድለው ይችላል፣ ፓራሲታሞልም በግምት አይሰጥም። እስካሁን ሰጥተሽው ከሆነና ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም የጠቆረ ሰገራ ካየሽ ነገ ሳትዪ ውሰጂው። ለውሻ የሚሆኑ ማስታገሻዎች አሉ፣ ሜሎክሲካም፣ ካርፕሮፌን የሚባሉት፣ እነሱም በኪሎው ተሰልተው በሐኪም ነው የሚሰጡት፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ደግሞ አንድ ላይ አይሰጡም። ወጌሻውንም ይቅርብሽ። ጎረቤትሽ አዝነውለት ነው እኔም ይገባኛል፣ ግን የተሰነጠቀ ዳሌ በመታሸት አይገጥምም፣ በጡንቻ ታቅፎ ስለተቀመጠ ብዙውን ጊዜ ካልነካኩት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ራሱ ይይዛል፣ ሲታሽ ግን የያዘው ሊለቅ ይችላል፣ አጠገቡ የሚያልፈውን ትልቁን የእግር ነርቭ መጉዳትም አለ። ወሩ ሲሞላ ድጋሚ ራጅ አስነሺው፣ ቆሞ መለማመድ የሚጀምረው ከዛ በኋላ ሐኪሙ እሺ ሲል ነው። ሌላ ሰው ቢያየው ደስ ካለሽ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፣ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ የመጀመሪያውንም ራጅ ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እግር ነው፣ ግን እንደ ቦቢ ያሉ ውሾች በእግራቸው አይሞቱም፣ በሽንታቸውና በቁስላቸው ነው የሚሞቱት። ሽንቱ ይንጠባጠባል ብለሻል። ይንጠባጠባል ማለት ይሸናል ማለት ላይሆን ይችላል፣ ፊኛው ሞልቶ ሞልቶ ትርፉ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ እና ሁለት ሶስት ቀን እንደዛ ተወጥሮ የሚቆይ ፊኛ ጡንቻው ይላላል፣ ሽንቱ ይበክታል፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ፓምፐርሱ እርጥብ ስለሆነ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ አሳሳቹ እሱ ነው። ሆዱን ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት በሁለት እጅሽ ከግራና ከቀኝ ቀስ ብለሽ ዳብሺው፣ ክብ የተወጠረ ነገር ካገኘሽ ሞልቷል። ባዶ ማድረጊያው መንገድ መዳፎችሽን ዘርግተሽ ከሁለቱም ጎን እየገፋሽ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መጫን ነው፣ ጣትሽን ሳትወጊ፣ ሳትቸኩዪ፣ ሽንቱ መውረድ ሲጀምር ግፊቱን ሳትለቂ እስኪያልቅ ድረስ። ግን ይሄንን ከወረቀት አንብበሽ እንዳትጀምሪ፣ ክሊኒክ ሂጂና ሐኪሙ የራስሽን እጅ ይዞ አንዴ ያሳይሽ፣ ከልክ ያለፈ ጉልበት ፊኛ ሊያፈነዳ ይችላል፣ አልወርድም ካለም አትታገይው። አንዴ ከለመድሽው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ጠዋት ከስራ በፊት፣ ማታ ስትገቢ፣ ከመተኛትሽ በፊት፣ ቀን ላይ ደግሞ እናትሽ ከተለማመዱ እሳቸው። ሽንቱ ከደፈረሰ፣ ከወትሮው የተለየ ከሸተተ ወይም ደም ካለው በዛው ቀን ለሐኪም አሳዪ።

ፓምፐርሱን ቀኑን ሙሉ አትተዪለት። ሽንት ላይ የሚውል ቆዳ ይቃጠላል፣ ከተቃጠለ ይላላጣል፣ ከተላላጠ ዝንብ አለ፣ ቀጣዩን መናገርም አልፈልግም። ቂጡና ጭኑ ላይ ያለውን ፀጉር በማሽን አሳጥሪው፣ በለብ ያለ ውሃ አጥበሽ በደንብ አድርቀሽ ስስ ቫዝሊን ቀቢው። የህጻናት የፓምፐርስ ክሬም እንዳትጠቀሚ፣ ብዙዎቹ ዚንክ አላቸው፣ ቦቢ ይልሰዋል፣ ዚንክ ለውሻ መርዝ ነው። የሚተኛበት ወፍራም ስፖንጅ ይሁን፣ ከላዩ ላስቲክ ከዛ ብርድ ልብስ፣ ራሱን ካላገላበጠ በየ4 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት። ዳሌው ላይና ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥንቱ የሚወጣበትን ቦታ ማታ ማታ በእጅሽ ፈትሺ፣ ቀላ ካለ ወይም ፀጉሩ ከሳሳ ቁስል እየመጣ ነው። ቅዝቃዜው ሲመጣ በሃይላንድ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ አጠገቡ አድርጊለት፣ ግን እግሩን አስነክተሽ እንዳትተዪው፣ ስሜቱ የደከመ ቆዳ ሲቃጠል አይጮህም።

እግሩ ጋ ስንመጣ፣ ራጁ እስኪታይ ድረስም ዝም ብለሽ አትቀመጪም። በጎኑ አስተኝተሽ አንድ እጅሽን ከመገጣጠሚያው በላይ አንዱን በታች አድርገሽ መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ከዛ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዛ ጉልበቱን ቀስ ብለሽ እጠፊ ዘርጊ፣ እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ዳሌውን ለጊዜው ተዪው። ከመጀመርሽ በፊት ለብ ያለ ፎጣ ጭኑ ላይ ለ10 ደቂቃ አድርጊለት ጡንቻው ይላላል። ይሄ እንቅስቃሴ ጡንቻ አይገነባም፣ ስራው መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ነው፣ የደረቀ መገጣጠሚያ ነርቩ ቢመለስ እንኳን አይታጠፍም። ጡንቻውን ለማስነሳት ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ወስደሽ የመዳፉን ስርና የጣቶቹን መሃል ኮርኩሪው፣ እግሩን ሲሰበስብ ተወት አድርገሽ እንደገና፣ ያቺ መሰብሰብ ለሱ ስፖርት ናት።

ሐኪሙ ይቁም ካለ በኋላ አንድ የጨርቅ መገበያያ ቦርሳ ፈልጊና ሁለቱን ጎኖቹን በመቀስ ቅደጂ፣ ታችኛው ክፍልና ሁለቱ ማንጠልጠያዎች ይቀራሉ። ታችኛውን ሆዱ ስር ከኋላ እግሮቹ ፊት አስገቢው፣ ወንድ ስለሆነ ብልቱ ላይ እንዳይጫን ትንሽ ወደፊት ይሁን፣ ማንጠልጠያዎቹን ከጀርባው በላይ በአንድ እጅሽ ያዢ። አራቱም መዳፎቹ ቀጥ ብለው መሬት መርገጣቸውን አይተሽ የሚበላውን ሳህን ከደረቱ ከፍታ ላይ አስቀምጪለት። መጀመሪያ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይበቃል፣ በቀን 4 እና 5 ጊዜ። እጅሽን ትንሽ ላላ ስታደርጊ እሱ ክብደቱን እንዲሸከም፣ ሲሰምጥ እንደገና አንሺው። ቆሞ መብላት ሲለምድ ዳሌውን በመዳፍሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በጣም ቀስ አድርገሽ ግፊው፣ ላለመውደቅ ሲታገል ነው ጡንቻው የሚነቃው። ከዛ ቁጭ ብድግ፣ ከዛ ጥቂት እርምጃ፣ ከዛ ሁለት ሶስት የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ በሰውነቱ ርዝመት አራርቀሽ ደርድሪና በላያቸው ይሂድ፣ እግሩን እያነሳ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። በመጨረሻ ሽቅብ፣ ሽቅብ መሄድ ክብደቱን ወደ ኋላ እግር ስለሚያመጣው በጣም ጥሩ ነው፣ አራት ኪሎ ደግሞ ሽቅብ አይቸግርሽም። ሲንቀጠቀጥ ወይም ማለክለክ ሲያበዛ አቁሚ። ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ቀን ጥሩ ሲሄድ ደስ ብሏቸው ግማሽ ሰዓት ያስኬዱታል፣ በማግስቱ መነሳት ያቅተዋል። አጭር አጭር፣ ብዙ ጊዜ፣ በቃ።

ወለሉ ሴራሚክ ነው አይደል? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሴራሚክና ሊሾ ነው ያለው፣ ደካማ ውሻ እዛ ላይ ቆሞ መማር አይችልም፣ እግሮቹ ወደ ጎን ይከፈቱበታል፣ ከተከፈቱበት ዳሌው ላይ ሌላ ጉዳት ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ለመነሳት አይሞክርም። ከሚተኛበት እስከ ምግቡ ድረስ ከታቹ ላስቲክ ያለው የማይንሸራተት ምንጣፍ አንጥፊለት፣ ሳሎኑን ሙሉ መሆን የለበትም። ጥፍሩን ቁረጪ፣ በመዳፉ ስር በጣቶቹ መሃል ያለውን ፀጉርም። የቆሰለው መዳፍ በሳሊን፣ ማለትም በንጹህ የጨው ውሃ፣ ታጥቦ ደረቅ ሆኖ ይሸፈን፣ ሲወጣ የልጅ ካልሲ አድርጊለት ቤት ስትገቢ ግን አውልቂው ያፍናል።

የውሃ ልምምድ ሰፋ ያለ ገንዳ ወይም ትልቅ ሳፋ ካላችሁ ይቻላል፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ፣ ለብ ያለ ውሃ እስከ ዳሌው፣ ውሃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት መሬት ላይ የማይንቀሳቀስ እግር እዛ ውስጥ ሲራገጥ ታያለሽ። 5 ደቂቃ ይበቃል ሳፋውም ስር የማይንሸራተት ነገር ይግባ፣ ሲወጣ እስከ ቆዳው አድርቂው። ውሃ በፈረቃ ከሆነባችሁ ግን ለዚህ ብላችሁ የሮቶውን አታራቁቱት፣ ያለሱም ይሆናል።

ደረጃውን አያስቡት፣ ወራት ያስፈልገዋል። አንድ ክንድሽን ደረቱ ስር አንዱን ከቂጡ ስር አድርገሽ ጀርባው ቀጥ እንዳለ ተሸከሚው፣ በሆዱ ብቻ እንዳታንጠለጥዪው። ከከበደሽ ሁለት ሰው ብርድ ልብስ ላይ አስተኝቶ ያውርደው። ታች ሣር ካለ ሣሩ ላይ ይለማመድ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው ይመቻል ግን ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ የሰፈር ውሾች በቡድን ስለሚዞሩና ደካማ ስለሚያጠቁ ሰው ከወጣ በኋላ አውጪው። እናትሽ ቀን ሲውሉ ጠባብ ቦታ ይከለልለት፣ ቤቱን እየዞረ እንዳይንፏቀቅ።

ምግቡን በተመለከተ የወጥ ትራፊ አይሰጠው። በሽንኩርት የተሰራ ነው፣ ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ለጠፋው ጡንቻ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ ሩዝ ወይም ቂንጬ ከተቀቀለ ስጋና ከእንቁላል ጋ ጥሩ ነው፣ ሳንባ ብቻ ወይም ስጋ ብቻ እየበላ ግን አይኖርም ካልሲየም ያጣል። በሁዳዴ 55 ቀን የሰፈሩ ስጋ ቤት ሲዘጋ ብዙ ውሾች ሲከሱ አያለሁ፣ እንቁላል ጨምሩለት፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስርም ይደባለቃል። እንዳይወፍር ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ተኝቶ ስለሚውል ቶሎ ይጨምራል፣ የሚጨምረውን ኪሎ የሚሸከመው ያው ደካማው እግር ነው።

ለእናትሽ ይሄን ንገሪልኝ። ያሉት ከክፋት አይደለም፣ ሲሰቃይ ማየት አቅቷቸው ነው፣ እኔም በመርፌ መገላገል የሚገባበት ጊዜ አለ እላለሁ፣ ህመሙ በመድኃኒት አልታገስ ሲል፣ መብላት ሲያቆም፣ ቁስሉ እየሰፋ አልዘጋ ሲል፣ ስሜት ጭራሽ ሳይኖር ሽንቱን የሚያወጣለት ሰው ሲጠፋ። ቦቢ ግን ይበላል፣ በር ሲከፈት ጅራቱ ይነቃል፣ የሚያበሉት እናት አሉት። ቢያንስ 3 ወር ይሰጠው ብለሽ ለምኚልኝ። ክትባቱንም አደራ፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን ካልወሰደ ድጋሚ ራጅ የምትሄጂ ቀን አስከትቢው።

ጥያቄ

ዶክተር ትናንት ለገሃር አካባቢ አንድ ውሻ አገኘን፣ ማንም አልገጨውም ግን ከሁለት ቀን ወዲህ የኋላ እግሩ እየከዳው ነው ይንገዳገዳል፣ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል ለሃጩ ይወርዳል፣ ጩኸቱም ተቀይሯል። አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ይሆን ብለን ታናሽ ወንድሜ አፉን ከፍቶ ሊያይለት ሲል ጣቱን ጫር አደረገው። እግሩ ጥንካሬ እንዲያገኝ ምን እንስጠው?

መልስ

ወንድሜ፣ ለአንተ ደብዳቤህ እንደደረሰ በስልክ ነግረንሃል፣ እዚህ የማወጣው ለሌላው አንባቢ ነው። ይሄ የእግር ጉዳይ አይደለም። ሳይገጭ በድንገት የኋላ እግሩ የደከመ፣ አገጩ የተንጠለጠለ፣ ለሃጩ የሚወርድ፣ ድምፁ የተቀየረ ውሻ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞታል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሰው እብድ ውሻ ሲባል የሚሮጥና የሚናከስ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ዝምተኛው አይነት ግን እንደዚህ ሽባ እያደረገ ነው የሚመጣው፣ እና አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው ሁሌ አለ፣ አዝኖ፣ ሊረዳው። እባካችሁ እንዳታደርጉት።

የተጫረው ወይም ለሃጭ የነካው ቁስል ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ትንሽ ጭረት ናት አይባልም። በዛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ ክትባቱን መጀመር ነው፣ ድሮ ፓስተር የምንለው የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በዚህ በሽታ ላይ ለረጅም ዓመታት የሰራ ቤት ነው። ባህላዊ መድኃኒት ልጠጣ፣ ውሻው ይሙት አይሙት ልይ ብሎ መቆየት የለም፣ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከወጣ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፣ ከመውጣቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ውሻው ማንም ሳይነካው ተዘግቶበት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፣ በበሽታው ከሆነ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ከ10 ቀን በላይ አይቆይም። ከጎዳና ሽባ ውሻ የምታነሱ ሁሉ እነዚያን 10 ቀኖች ጓንት አድርጉ፣ መገጨቱን ያያችሁ ቢሆንም።

ጥያቄ

ልጄ ዶክተር፣ ሰባ ደረጃ አጠገብ ነው ቤቴ፣ ውሻዬ ጃኪ 13 ዓመቱ ነው። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩ ይደርቅበታል፣ ትንሽ ከሄደ በኋላ ይሻለዋል። ቤታችን የድሮ የጣውላ ወለል ነው፣ በየሳምንቱ በሰም ይወለወላል፣ እሱ ላይ ይወድቃል። እርጅና ነው ብዬ ልተወው?

መልስ

ጋሼ፣ እርጅና ቢሆንም አይተዉት፣ ያመዋል እኮ። ጠዋት ደርቆ ሲሄድበት የሚላላ እግር አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ ውሻ ደግሞ አያለቅስም፣ ዝም ብሎ መነሳት ይቀንሳል። መጀመሪያ ሰሙን ያቁሙልኝ፣ ቢያንስ እሱ በሚመላለስበት በኩል ስጋጃ ያንጥፉለት፣ ጥፍሩንም ያስቆርጡለት ረዝሞ ከሆነ መርገጥ ያስቸግረዋል። ክብደቱን ያስለኩት። አንድ ረጅም ጉዞ ከሚያደርግ በቀን 3 ጊዜ አጠር አጠር ያለ ይሂድ፣ ደረጃዎቹን ግን አያስወጡት። ሐኪም አይቶት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ተደርጎለት ማስታገሻ ከጀመረ ብዙ ይለወጣል። መዳፉን እየገለበጠ መጎተት ከጀመረ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ እግሩ ከከዳው ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ በዛው ቀን ያሳዩት።

ጥያቄ

ሰላም፣ መርካቶ ነው የምሰራው ብየዳ ነው ስራዬ፣ ሰፈራችን ያለች ውሻ ከተገጨች ዓመት አልፏታል፣ የኋላ እግሮቿ ምንም አይሰማቸውም ግን በጣም ደስተኛ ናት። ጋሪ ልሰራላት አስቤ ነበር በምን ልስራው? ብረት ይሻላል?

መልስ

ወንድሜ ዓመት ካለፈና ስሜት ከሌላት ጋሪው ነው ትክክለኛው ነገር፣ አንተ ደግሞ ባለሙያ ነህ። ብረቱን ግን ተወው ይከብዳታል፣ ሙሉውን የምትጎትተው በፊት እግሯ ነው። ቀጭን የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በክርን ማያያዣዎቹ ይሆናል፣ አሉሚኒየም ካገኘህ ደግሞ የተሻለ። ጎማውን ምናለሽ ተራ ከተጣለ የህጻን ጋሪ ወይም ትንሽ ሳይክል ላይ ፈልግ፣ ትናንሽ የወንበር ጎማዎች ኮብልስቶን ላይ ይጣበቃሉ።

ልክ ስትወስድ ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ደግፎ ያቁማት፣ ጀርባዋ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳያዘነብል የጎማው ቁመት በፊት እግሯ ከፍታ ይስተካከል። የዳሌዋን ስፋት ለካና በሁለቱም ጎን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተው። ኋላዋን የሚሸከመው ማቀፊያ ሁለት ቀዳዳ ያለው ይሁን፣ ስፖንጅ ተጠቅልሎ በጨርቅ የተሰፋ፣ መፀዳጃዋን ሳይሸፍን። ደረቷ ላይ የሚታሰረው ሰፋ ያለ ይሁን፣ የቦርሳ ማንገቻ ጥሩ ነው፣ ገመድ ግን ብብቷን ይቆርጠዋል። የኋላ መዳፎቿ ስለማይሰማት እንዳይጎተቱ በላስቲክ ከቱቦው ላይ ከፍ አድርገህ ታንጠለጥላቸዋለህ፣ ትንሽ የሚንቀሳቀስ እግር ላላት ውሻ ብትሰራ ግን መሬት እንዲነኩ ትተዋቸዋለህ።

መጀመሪያ ቀን 5 ደቂቃ፣ ከዛ እየጨመርክ እስከ 20፣ በወጣች ቁጥር ማቀፊያው የነካውን ቆዳ እየው። ጋሪው ውስጥ ሆና መተኛት አትችልም፣ ስለዚህ ሰው ሳይኖር ታስራ አትዋል፣ ቁልቁለት ላይም አትልቀቃት፣ ፍሬን የለውም።